ጠብቆ የሚነበብ ቃል

ከእትዬ ጥሩብርሃን ጋር አንድ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ቀራንዮ ፌርማታው አጠገብ አንድ ክፍል አለን፤ ግማሹ የእኔ ፎቶ ኮፒ፣ ግማሹ የእሳቸው ራፖር መጻፊያ። መብራት ሲጠፋ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ኮምፒውተሩን ገፋ አድርገው በእስክሪብቶ ይቀጥላሉ። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የዕርቅ ውል፣ የማይጽፉት ነገር የለም። ሰው ተናዶ ይመጣል፣ ተናዶ ያወራል፣ እሳቸው ንዴቱን ያወጡና ነገሩን ብቻ ይጽፉለታል። የወጣውን ንዴት የምሸከመው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ጉዳይ ስንጨረጨር ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ ይህን ስጽፍ ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ።

እትዬ ጥሩብርሃን ስድሳ ዓመታቸው ነው። አላገቡም፣ አልወለዱም። የቀድሞው ጦር ሲበተን አንዲት ሻንጣ ይዘው፣ እዚሁ ቀራንዮ ሱቅ ወደነበራቸው ታላቅ ወንድማቸው ወደ ጋሽ ወልደሰንበት መጡ። ከሱቁ በረንዳ ላይ በኪራይ የጽሕፈት መኪና ጀምረው፣ ጋሽ ወልደሰንበት ካረፉ በኋላ ወደ እኔ ቤት ተዛወሩ። «ድሮ ወታደር ቤት ታይፒስት ነበርኩ» ከማለት ሌላ ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ አመል አላቸው። የጻፉትን ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያስፈርሙም። ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ይሰጡኝና «እስቲ መሲ፣ አንቺ አንብቢው» ይላሉ። ጠብቆ የሚነበበውን አላልቼ ወይም የሚላላውን አጥብቄ ካነበብኩ ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጽፋሉ። «እትዬ፣ እኔ ተሳስቼ እኮ ነው» ስላቸው፣ «አንቺ ከተሳሳትሽ ሌላውም ይሳሳታላ!» ይሉኛል። ሰልፉ ይረዝማል፤ ሰዉ ይነጫነጫል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

ባለፈው ዓመት አልፊያ የምትባል ጎረቤታችን ለልጇ ትምህርት ቤት አቤቱታ ልታስጽፍ መጣች። «ልጄ ክፍል ውስጥ ይመታል ብለው ይጻፉልኝ» አለቻቸው። የእትዬ ጥሩብርሃን እጅ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

«ይህን ቃል አልጽፍም።»

«ምነው እትዬ?»

«ሌሎች ልጆች ይመቱታል ብዬ እጽፍልሻለሁ። ይመታል ብዬ ከጻፍኩ ርዕሰ መምህሩ ልጅሽን ተደባዳቢ ሊያደርገው ይችላል።»

እውነታቸውን ነው። በአፍ ሲነገር መ እና ታ ከጠበቁ ልጁ ተመቺ ነው፤ ከላሉ ደግሞ መቺው እሱ ነው። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሁላችንም ተምረነዋል። ግን ለአንዲት ቃል የሰው እጅ እንደዚያ ይቆማል? አልፊያ ከሄደች በኋላ ሻይ አዘዝኩላቸው፤ ሳይቀምሱት በረደ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ሥርዓት ያላት ሴት ገባች። ከቦርሳዋ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች። ሽፋኑ ላይ ከረቫት ያሰረ ሽማግሌ ፈገግ ብሏል። መሃሉን ገልጣ የአንድ አሮጌ ቴሌግራም ፎቶግራፍ አሳየችን። እንዲህ ይላል፦ «ክፍለ ጦሩ አሁን ከወጣ ይመታል። ብ/ጄኔራል ነገሬ ቱሉ።» ከታች በስተግራ ጥግ፣ የድሮ ታይፒስቶች የስማቸውን መጀመሪያ የሚያኖሩበት ቦታ ላይ፣ «ጥ.ብ.» የሚሉ ፊደሎች አሉ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ። «ከድሮ የጦሩ ሠራተኞች ሳጠያይቅ ነው ያገኘሁዎት። ኤልሳቤጥ ነገሬ እባላለሁ። የጄኔራሉ ልጅ ነኝ።»

እትዬ ጥሩብርሃን መነጽራቸውን አወለቁ። ፊደሎቹን ለማየት እንኳ አልተጠጉም።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ኤልሳቤጥ ቁጭ ብላ ነገረችን። መጽሐፉን የጻፈው ቀዳማዊ የሚባለው ሰው ነው። በዚያ ጦርነት ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ዋና አስተዳዳሪ፣ ከጄኔራሎቹም በላይ የግንባሩ የበላይ ኃላፊ ነበር። አንቱ አልለውም፤ ይቅርታ። መጽሐፉ ላይ የሚለው፣ ያ ሁሉ ወታደር ያለቀው ጄኔራል ነገሬ «ብወጣ ጠላትን እመታለሁ» ብለው በጽሑፍ ስላረጋገጡለት ነው። ማስረጃው ያ ቴሌግራም ነው። በዚሁ ማስረጃ ጄኔራሉ ያኔ ተፈርዶባቸው ታስረው፣ ሥርዓቱ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ነገሩ ተረስቶ ነበር። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ግን ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖሩት የሰማንያ ዓመት እናቷ፣ ወይዘሮ ፅጌ፣ ከቤት አይወጡም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዷ ለሌላዋ «የዚያ የሰው ልጅ ያስፈጀ ጄኔራል ሚስት እኮ ናት» ስትል በጆሯቸው ሰምተዋል።

«መጽሐፉ እሑድ ይመረቃል» አለች ኤልሳቤጥ። «አባቴ እንደዚያ ብሎ እንዳልላከ ልቤ ያውቃል። ልብ ግን ማስረጃ አይሆንም። ያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው ነው የምፈልገው። እናቴ እርስዎን እንደምፈልግ አታውቅም፤ ካልተሳካ እንዳይብስባት ብዬ አልነገርኳትም።»

እትዬ ጥሩብርሃን መጽሐፉን ዘግተው መለሱላት። «እስከ እሑድ ጊዜ ስጪኝ» አሏት። ኤልሳቤጥ ስልክ ቁጥሯን ትታ ሄደች። እኔ ግን ጊዜ አልሰጠሁም። በሩን ገርበብ አድርጌ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ የዋና አስተዳዳሪው ቢሮ ጸሐፊ። ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አንድ ተራራ በጠላት ተይዟል፤ ተራራውን ማስለቀቅ ደግሞ የቀዳማዊ ዕዳ ሆኗል። በየጠዋቱ ከአዲስ አበባ ስልክ ይደወላል። «ዛሬስ ምን ያዛችሁ?» ነው ጥያቄው፣ ሌላ ጥያቄ የለም። የአብዮት በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ለሰልፉ የድል ዜና ያስፈልጋል። ከሥሩ ያሉት ካድሬዎች ወንበሩን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ የዘገየባትን እያንዳንዷን ቀን እየመዘገቡ ወደ ላይ ይልካሉ። የግቢው በር ላይ ደግሞ የልጆቻቸውን ወሬ የሚጠይቁ እናቶች ይውላሉ።

«ጓድ ቀዳማዊ ተጨንቀው ነበር» አሉኝ እትዬ ጥሩብርሃን። አሁንም አንቱ ይሉታል! «እንቅልፍ አልነበራቸውም። ‹አጥቂ ሰው ስጡኝ! አጥቂ ጄኔራል ስጡኝ!› ነበር ንግግራቸው። የመጀመሪያው ጄኔራል ስንቅ አልደረሰም አሉ፤ ወደ አዲስ አበባ ሸኟቸው። ሁለተኛው ክረምቱ ይውጣ አሉ፤ መጋዘን ላይ መደቧቸው። የሁለቱንም የማንሻ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉ አንድ ነበር፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሦስተኛው ጄኔራል ነገሬ ናቸው።»

ጄኔራል ነገሬ ግንባሩን ዞረው አይተው አራት ገጽ ሪፖርት በእጃቸው ጽፈው ላኩ፤ በታይፕ የገለበጡት እትዬ ነበሩ። ወታደሩ ጫማ የለውም፣ ተራራው ሥር ያለው ሜዳ ፈንጂ ነው፣ መድፉ ገና መንገድ ላይ ነው፣ አንድ ወር ስጡኝ የሚል። አራቱም ገጽ ሳይነበብ መሳቢያ ገባ። ከዚያ ቀዳማዊ በሬዲዮ አንድ መስመር ጥያቄ ላከ፦ አሁን ብትወጣስ? መልሱም አንድ መስመር ሆኖ መጣ። በኮድ ስለሚላክ ቃል ይቆጠባል፤ ድምፅ የለውም፤ የሚደርሰው ፊደል ብቻ ነው።

«ተይቤ ስብሰባው ላይ ይዤ ገባሁ» አሉ። «አምስት ሰው ነበር። አንብቢው አሉኝ። አነበብኩ። ክፍለ ጦሩ አሁን ከወጣ ይመታል፤ አጥብቄ። አራት ገጹን የተየብኩት እኔ አይደለሁ? ምን ለማለት እንደፈለጉ አውቃለሁ። ጓድ ቀዳማዊ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹አንቺ ልጅ፣ ማንበብ አልተማርሽም እንዴ? አላልተሽ አንብቢው።›»

«እርስዎስ?»

«አላልቼ አነበብኩት።»

«እትዬ!»

«አላልቼ አነበብኩት፣ መሲ። በዚህ አፌ። እሳቸውም ጠረጴዛውን መቱና ‹ይኸው! በስተመጨረሻ የሚመታ ጄኔራል አገኘሁ!› አሉ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ትእዛዙን ያን ሰዓት ነው የተየብኩት።»

ጄኔራሉ ትእዛዙ ሲደርሳቸው ደንግጠው ሌላ መልእክት ልከው ነበር፤ ያኛው ፋይሉ ውስጥ አልተገኘም። አለመገኘቱ ይገርማችኋል? እኔን አይገርመኝም። ክፍለ ጦሩ ወጣ። በሦስት ቀን ከሄዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያው ሜዳ ላይ ቀሩ፤ አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው። የበዓሉ ሰልፍ በቀኑ ተካሄደ። ከሳምንት በኋላ ጄኔራሉ ተይዘው መጡ፤ ምርመራ ተጀመረ፤ ያቺ አንድ መስመር ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ጸሐፊዋም ተጠራች። «መልእክቱን እንዴት አነበብሽ?» ተባለች። «እንደተጻፈው አነበብኩ» ብላ ፈረመች።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በማን እንደሆነ ግን በቅጡ አላወቅሁም። አንድ ሰው ከላይ ሲጫኑት ጭነቱን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ወደ ሥሩ ያሳልፋል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ላይ ይደርሳል፤ ከእሷ አፍ ደግሞ ባዶ እግሩን ሜዳ ላይ የቆመ ወታደር ላይ ያርፋል። ቀዳማዊ ተጨንቆ ነበር አሉኝ። ይጨነቃ! ሥራው አይደል? ጭንቀቱን በሰው ልጅ ያቃለለ ሰው ዛሬ ከረቫት አስሮ መጽሐፍ ያስመርቃል፤ እኛም ገዝተን እናስፈርማለን።

«እሑድ ይሄዳሉ» አልኳቸው። ጥያቄ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት መድኃኔ ዓለም አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ኤልሳቤጥ ፌርማታው ላይ ትጠብቀን ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አበባ አለ፣ ውኃ በፕላስቲክ አለ፣ መድረክ መሪው ደግሞ «የአገር ባለውለታ» ማለት አይሰለቸውም። አንዱ ተነሥቶ ግጥም አነበበ። አንድ ምሁር ነኝ ባይ «ጓድ ቀዳማዊ የዘመናቸውን ሸክም የተሸከሙ ሰው ናቸው» አለ። እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ፤ እትዬ ጥሩብርሃን ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አይነቃነቁም።

በመጨረሻ ቀዳማዊ ራሱ ተነሣ። ከሲታ፣ ሽበቱ የሚያምር፣ ድምፁ ገና ያልደከመ ሽማግሌ ነው። ቴሌግራሙን ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳዩት፤ እሱም እንደ ዳዊት እየጎተተ አነበበው። «ክፍለ ጦሩ አሁን ከወጣ ይመታል!» አለ፤ አላልቶ። «እኔ ወታደር አይደለሁም፤ ባለሙያው ይመታል ካለኝ ምን ላድርግ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰዉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ ጥሩብርሃን ተነሡ። ማይክ አልጠበቁም።

«ጓድ ቀዳማዊ፣ ያኔ መልእክቱን ያነበብኩልዎት ጸሐፊ ነኝ። ጥሩብርሃን እባላለሁ።»

ሽማግሌው ዓይኑን አጠበበ። አስታወሳቸው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«መጀመሪያ አጥብቄ አነበብኩልዎት። ክፍለ ጦሩ ያልቃል ማለታቸው ነው። አላልተሽ አንብቢው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ፈርቼ አላልቼ አነበብኩ። ምርመራው ላይ ደግሞ እንደተጻፈው ነው ያነበብኩት ብዬ ዋሸሁ። ጄኔራል ነገሬ ይመታል ብለው አላታለሉዎትም። አራት ገጽ ጽፈው ለምነውዎት ነበር፤ የተየብኩት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ታመሰ። አንዱ «ይቀመጡ እናቴ!» አለ፤ ሌላው «ይናገሩ!» ይላል። ቀዳማዊ ማይኩን ጨበጠ፤ ያ ለስላሳ ድምፁ ጠፋ።

«እኔ ላይ ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ?» አለ። «ከላይ ስልክ! ከታች ካድሬ! በር ላይ እናቶች! ጥንቁቅ ጄኔራልማ ሞልቶኝ ነበር። ይሆናል የሚለኝ አንድ ሰው ነበር የምፈልገው፤ አንድ!»

ምን እንዳለ እሱም ወዲያው ገባው መሰለኝ፣ አፉን ዘጋ። ከኋላችን አንድ አዛውንት፣ ክራንች የያዙ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ተነሥተው ወጡ። መድረክ መሪው ግን ምን ያድርግ? ሙዚቃ ከፈተ! የሰው ነፍስ እየተወሳ ሙዚቃ ከፈተና «አሁን ወደ ፊርማው ሥነ ሥርዓት እናልፋለን» አለ። ሰዉም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ግማሹ ተሰለፈ። መጽሐፉን ሊያስፈርም ተሰለፈ! እኔ መስደብ ጀምሬ ነበር፤ ኤልሳቤጥ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። እያለቀሰች ነበር፤ ደግሞ ትስቃለች።

«እናቴ ጋ እንሂድ» አለች። «በስልክ ቀድቼዋለሁ፤ ግን ከእርስዎ አፍ ትስማው።»

በሚኒባስ ዓለም ባንክ ወረድን። እትዬ ጥሩብርሃን መንገዱን ሙሉ ቀለል ብሏቸው ነበር፤ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። መስኮቱን ከፍተው ንፋስ ይቀበላሉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ላይ ቆሞብኝ ነበር» ብለው ጉሮሯቸውን አሳዩኝ። እኔም ኮራሁባቸው፤ እንደ ልጄ ነው የኮራሁባቸው።

ወይዘሮ ፅጌ ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ ላይ፣ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ኤልሳቤጥ ገና «እማዬ፣ ይቺ ሴት...» ብላ ስትጀምር፣ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። እትዬ ጥሩብርሃንን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«ልጅቷ አንቺ ነሽ» አሉ።

ኤልሳቤጥ ደነገጠች። «እማዬ፣ ታውቂያት ነበር?»

«ስሟን አላውቅም፤ ግን ዛሬ ከዚያ ምርቃት ይዘሻት የምትመጪው ሌላ ማን አለ? አባትሽ ልጅቷ ነበር የሚላት።»

እትዬ ጥሩብርሃን ተንበርክከው የአዳራሹን ሁሉ ደገሙት። አጥብቀው እንዳነበቡ፣ አላልተው እንደደገሙ፣ እንደዋሹ። ወይዘሮ ፅጌ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱም አላለቀሱም። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር! እዚያ ስብሰባ ላይ ከነበሩት ከአምስቱ አንዱ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ ለጄኔራሉ በምስጢር ነግሯቸዋል። ጄኔራሉም እስር ቤት ሊጠይቋቸው ለሄዱት ሚስታቸው ነግረዋል።

«መቶ አለቃው ሊመሰክር አልቻለም፤ ገና ሳይጠየቅ ነው ወደ ሌላ ግንባር የላኩት» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «እኔ የባሌ እግር ላይ ወድቄ ለመንኩት። ያቺን ልጅ አስጠራት፣ መጀመሪያ እንዴት እንዳነበበች በመስቀለኛ ጥያቄ ትጠየቅ አልኩት። እምቢ አለ። ‹እውነቱን ከተናገረች ይገድሏታል። ልጅ ናት። እኔ ስንቱን የሰው ልጅ ቀብሬ መጣሁ፤ እሷን ደግሞ አልጨምርም› አለኝ። እኔንም እንዳልናገር አስማለኝ። እሱ ከሞተም በኋላ አልፈለግሁሽም፤ ቃሌ ነው።»

እትዬ ጥሩብርሃን ምንጣፉ ላይ እንደተንበረከኩ ቀሩ። ቅድም ሚኒባስ ውስጥ የነበረው ቅለት ፊታቸው ላይ የለም። እኔ ሴትዮዋ አንሥተው ያቅፏቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት። ወይዘሮ ፅጌ ግን ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«እሱ አንቺን ለማዳን ዝም አለ፤ ይሁን፣ የራሱ ፈቃድ ነው» አሉ። «አንቺም ያኔ ፈርተሽ ዝም አልሽ፤ እሱም ይሁን፣ ልጅ ነበርሽ። ግን የገደሉት ሰዎች ከሥልጣን ከወረዱ ሠላሳ አራት ዓመት ሆናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ቀራንዮና ዓለም ባንክ፣ አንድ ታክሲ መንገድ ነው የተራራቅነው። ከዚያ በኋላ ማንን ነው የፈራሽው ልጄ?»

እኔም፣ ቀኑን ሙሉ የምናገረው ሞልቶኝ የነበርኩት ሴትዮ፣ ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።